«ልጅ እጣ አይጣልበትም» ያላችሁ ሰዎች፣ እስኪ ኑ እንነጋገር

ስታት በልቶኝ፦
ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ ስለ ኒውሮብላስቶማ (ትንንሽ ልጆችን የሚይዝ የነርቭ ሕዋስ ካንሰር) አዳዲስ መድኃኒቶች በተለጠፈው ሥር «ልጅ እጣ አይጣልበትም» የሚል ኮመንት ላይክ ጎርፎለት አይቼ እንቅልፍ አጣሁ። ይገባኛል ያማል፣ የሦስት ዓመት ልጅ ታቅፈህ «አዲሱ ይሰጠው ወይስ የነበረው፣ የሚወስነው ኮምፒውተር ነው» ስትባል ደምህ ይፈላል። ግን ላይክ ያደረጋችሁ በሙሉ፣ ዛሬ ሁላችሁም «ለምን ለሁሉም ልጅ አይሰጥም» የምትሉት ዳይኑቱክሲማብ፣ ካንሰሩ ላይ የሚጣበቀው ኤንቲቦዲ፣ እንደሚሠራ በምን የታወቀ ይመስላችኋል? በእጣ! 226 ልጆች፣ ግማሾቹ ኤንቲቦዲውን ከነአጃቢዎቹ፣ ግማሾቹ የነበረውን ሬቲኖይክ አሲድ ብቻ። በሁለት ዓመት በሽታው ሳያገረሽባቸው የቆዩት 66 በመቶ ለ46። ልዩነቱ አፍጥጦ ሲወጣ እ.ኤ.አ. በ2009 እጣውን ራሳቸው አቆሙት። እጣ ባይኖር ዛሬ የምትጠይቁት መድኃኒት ባልኖረ።

ዝም አልልም፦
ኮመንቱ የእኔ ነው፣ በአሽሙር ከምትዞረኝ በቀጥታ ተናገረኝ። 226 ሲካፈል 113 ነው አይደል? 113 ልጅ ያነሰውን አገኘ ማለት ነው። ለአንተ ፐርሰንት ነው፣ ለአንዷ እናት ግን ያ ልጇ ነው። አሁንም እደግመዋለሁ፣ ልጅ እጣ አይጣልበትም።

ስታት በልቶኝ፦
«ያነሰውን አገኘ» የምትይው ዛሬ ውጤቱን ካየሽ በኋላ ነው እህቴ። ያኔ የትኛው እንደሚያንስ ማን ያውቅ ነበር?

ሞጋች፦
ኧረ ተው! ሰውየው ከላፕቶፑ ኋላ ሆኖ የልጆችን ዕድል እያካፈለ እናትን ያስተምራል። ዝም አልልም በርቺ፣ ከጎንሽ ነን።

ነጭ ጋውን፦
ሞጋች ጩኸቱን ትንሽ ቀንሰው። የሕፃናት ክፍል ነው የምሠራው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ኤንቲቦዲው የሚይዘው ጂዲ2 የሚባለውን ሞለኪውል ነው፣ እሱ ደግሞ ዕጢው ላይ ብቻ ሳይሆን ሕመም የሚያስተላልፉ ጤነኛ ነርቮች ላይም አለ። ስለዚህ መድኃኒቱ ሲገባ ልጁን የገዛ ነርቩ ነው የሚያቃጥለው። ገና ኤንቲቦዲው ሳይከፈት ሞርፊን በደም ሥር ይጀመርለታል፣ እንደዚያም ሆኖ ሆዴን እግሬን እያለ የሚጮህ አለ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ የማይችል አለ። በዛ ጥናት ላይ ከባድ ሕመም የተመዘገበባቸው 52 በመቶ ናቸው። እንግዲህ ይሄን መድኃኒት ያለ ማስረጃ ለሁሉም ልጅ ስጡ ብትሉኝና መጨረሻ ላይ አይሠራም ነበር ቢባል፣ ያን ሁሉ ጩኸት ማን ይጠየቅበታል? እጣው «ያነሰው» ላይ የጣላችሁ የመሰላችሁ ልጅ ከስቃዩ የተረፈው ሊሆን ይችል ነበር።

ዝም አልልም፦
«ሊሆን ይችል ነበር»። አልሆነማ።

ነጭ ጋውን፦
ሆኗል እኮ! አይኤል-2ን፣ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትን የሚያነቃቃውን መድኃኒት፣ ጠይቂ። ከኤንቲቦዲው ጋር አብሮ ይሰጥ ነበር፣ ያግዘዋል ተብሎ። ትኩሳቱ፣ እብጠቱ፣ ደም ግፊት መውረዱ፣ አንዳንዱን ልጅ አይሲዩ ያስገባል። አውሮፓውያኑ ከዚያ 406 ልጆች ላይ እጣ ጣሉ፣ ግማሹ ከአይኤል-2 ጋር ግማሹ ያለሱ። 2018 ላይ ወጣ፦ በሦስት ዓመት 60 ለ56፣ ማለትም ሊለይ የሚችል ጥቅም የለውም፣ ስቃዩ ግን በደንብ ይለያል። አሜሪካኖቹም ኋላ ተዉት። እዚያ ላይ «ያነሰውን» የደረሰው ልጅ ነው የተሻለው የደረሰው። ያለ እጣ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ለእያንዳንዱ ልጅ እየሰጠን «መድኃኒቱ ከባድ ነው ግን ያድናል» እያልን ወላጅ እናጽናና ነበር።

ስታት በልቶኝ፦
ከዚህ በላይ ምን ይባላል። ነጭ ጋውን ዘጋው።

ሞጋች፦
ምኑን ዘጋው? ዲኤፍኤምኦስ፣ በሽታው እንዳይመለስ የሚሰጠው እንክብልስ? ታህሳስ ላይ፣ የፈረንጆቹን ዲሴምበር 2023 ማለቴ ነው፣ የአሜሪካው መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ያለ ምንም እጣ አጸደቀው። ኤፍዲኤ ራሱ እጣ አያስፈልግም ብሏል ማለት ነው። አሁን ኤፍዲኤንም ስታት ልታስተምረው ነው?

ስታት በልቶኝ፦
«ኤፍዲኤ ራሱ»? ወንድሜ አማካሪ ኮሚቴያቸው 14 ለ6 ነው የተከፈለው። ስድስት ሰው አልተዋጠለትም። ለምን እንዳልተዋጠላቸው ልንገርህ፦ ዲኤፍኤምኦ የወሰዱትን 90 ልጆች ከድሮው የዳይኑቱክሲማብ ጥናት ከተመረጡ 270 ልጆች ጋር ነው ያስተያዩት። በአራት ዓመት 84 ለ73። ቁጥሩ ያምራል። ግን አንደኛው ወገን ሕክምናውን ሁሉ ጨርሶ፣ በሽታው ሳይመለስበት ቆይቶ፣ ከዚያ ጥናቱ ወዳለበት ሄዶ የተመዘገበ ነው። እስከዚያ የደረሰ ልጅ መጀመሪያውኑ ጠንከር ያለ ቢሆንስ? አጥኚዎቹ በተቻላቸው አመሳስለዋል፣ አልካድኩም። ያልተመዘገበን ነገር ግን ማመሳሰል አይቻልም። እጣ ያንን ነው የሚያስተካክለው፣ የምታውቀውንም የማታውቀውንም።

ሞጋች፦
ስለዚህ ዲኤፍኤምኦ አይሠራም እያልክ ነው። ግልጽ አድርገው።

ስታት በልቶኝ፦
አላልኩም።

ሞጋች፦
ብለሃል! «ጠንከር ያለ ቢሆንስ» ምን ማለት ነው?

ስታት በልቶኝ፦
ጥያቄ ማለት ነው። የጥያቄ ምልክት አለው፣ ተመልከተው።

ፋርማሲው፦
እናንተ ስትጣሉ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ዲኤፍኤምኦ ማለት ኤፍሎርኒቲን እኮ ነው፣ ለእንቅልፍ በሽታ አፍሪካ ውስጥ ሰው ሲያድን የነበረው። በ1990ዎቹ ትርፍ የለውም ተብሎ ለበሽተኛ መመረቱ ቀረ። ከዚያ የሴቶች ፊት ላይ ፀጉር የሚያዘገይ ክሬም ሆኖ ሲመጣ ብር ተገኘለት። ጩኸት ተነስቶ ነው ዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ከአምራቹ ጋር ተስማምቶ ለእንቅልፍ በሽታ እንደገና የተመረተው። አሁን ደግሞ በሦስተኛ ሕይወቱ የልጆች ካንሰር ላይ መጣ። «እጣ» ከሚለው በፊት የትኛው መድኃኒት ለሙከራ እንደሚቀርብ ማን ይወስናል ብላችሁ ጠይቁ።

አልፎ ሂያጅ፦
ፊት ፀጉር ክሬሙ አሁንም አለ? ለእህቴ ነው

ፋርማሲው፦
😑

ስታት በልቶኝ፦
ፋርማሲው ያልከው እውነት ነው፣ ግን ከጉዳዩ አስወጣኸን።

ፋርማሲው፦
ጉዳዩ እሱ ነው! በአሜሪካ በዓመት 700 ልጅ አካባቢ ነው ይሄ በሽታ የሚገኝበት። ለ700 ልጅ ገበያ የሚሠራ ካምፓኒ ስንት አለ? ለዚህ ነው እዚያ በ2017 ሕግ የወጣው፣ ለአዋቂ ካንሰር የሚሠራ መድኃኒት የሚነካው ነገር የልጆችም ዕጢ ውስጥ ካለ ልጆችም ላይ አጥኑት የሚል፣ በ2020 ሥራ ላይ ዋለ። በግድ ካልተባሉ አይነኩትም።

አልፎ ሂያጅ፦
እኔ የማይገባኝ፣ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን? ሕፃናትን ሁሉ በጊዜ መርምሮ መጨረስ አይቻልም? የሽንት ምርመራ አለው ሲባል ሰምቻለሁ

ነጭ ጋውን፦
ጃፓን አደረገችው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በስድስት ወር ዕድሜ የሁሉም ሕፃን ሽንት ይመረመር ነበር። የተገኘው ሕፃን ቁጥር አሻቀበ፣ በከባዱ ዓይነት የሚሞተው ልጅ ግን አልቀነሰም። ሕፃናት ላይ ከሚገኘው አንዳንዱ ራሱ የሚከስም ነው፣ ዝም ቢባል ይጠፋል፣ እነዚያን ቀደው ኪሞ ሰጡ። በ2002 የኩቤክና የጀርመን ጥናቶች በምርመራው ሞት እንዳልቀነሰ አሳዩ፣ ጃፓንም በማግሥቱ ዓመት ማቆሟን አስታወቀች። እና «ጥሩ ይመስላል በቃ ለሁሉም ይደረግ» የሚል ነገር ስሰማ እነዚያ ያለ ምክንያት የተቀደዱ ሕፃናት ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

ሞጋች፦
ዞራችሁ ዞራችሁ ያው፣ ወላጅ ደደብ ነው ሐኪም ያውቃል።

ዝም አልልም፦
ሞጋች ቆይ፣ ራሴ ልናገር። እኔ የመጣሁበትን አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም። ኪሞውን፣ ኦፕራሲዮኑን፣ ትራንስፕላንቱን፣ ጨረሩን ጨርሰን በቃ አለፈ ባልኩበት ሰዓት ነው ስለ ጥናቱ የነገሩኝ። የኮንሰንት ፎርሙን፣ የፈቃድ ወረቀቱን፣ ማታ ሰጡኝ፣ ጠዋት ፈርሚ። ማታውን ልጁ ያስመልሰዋል እኔ በአንድ እጄ ሳህን በአንድ እጄ ወረቀት። ጠዋት «ካልፈረምኩስ?» ስል ሲስተሯ ዝም ብላ ሐኪሙን አየች። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ እችላለሁ ብሎ የነገረኝ የለም፣ ኋላ ነው ራሴ ያነበብኩት። ልጄ ደግሞ ሲስፕላቲን ከሚባለው ኪሞ በኋላ ቀጭን ድምፅ አይሰማም፣ ስናወራ «ሰ»ን እና «ሸ»ን አይለይም፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ከጠራሁት አይዞርም። ለዲኤፍኤምኦ ማስጠንቀቂያ ላይ ጆሮ ይጎዳል ይላል። ይሄን ማንም ቁጭ ብሎ አላስረዳኝም። እና እጣ ስትሉኝ እኔ የሚታየኝ እሱ ሰዓቱን ያየው ሰውዬ ነው።

ነጭ ጋውን፦
የሠሩብሽ ትክክል አይደለም። ኮንሰንት እንደዛ አይወሰድም፣ ጊዜ ይሰጣል፣ ትንሽ ከፍ ያለ ልጅ ከሆነ ልጁ ራሱ በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ይሁን አይሁን ይላል። ግን እህቴ ያ የአወሳሰዱ ጥፋት ነው፣ የእጣው አይደለም።

ዝም አልልም፦
ለእናንተ ይለያያል። ለእኔ በአንድ ጠዋት የመጣ አንድ ነገር ነው።

ስታት በልቶኝ፦
ይሄን በቅንነት ነው የምጠይቅሽ፦ ያቺ ጠዋት በደንብ ተደርጋ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ቀን ቢሰጡሽ፣ ሁሉን ቢያስረዱሽ፣ እጣውን ትቀበዪው ነበር?

ዝም አልልም፦
አልቀበልም ነበር።

ስታት በልቶኝ፦
በቃ ታዲያ የኮንሰንቱ ነገር ለምን መጣ?

ሞጋች፦
ልብ አለህ ግን? ታሪኳን ነገረችህ አንተ ክሮስ ኤግዛሚን ታደርጋታለህ!

ዝም አልልም፦
ተወው ይጠይቅ። ግን እሱም ይመልስልኝ። በሽታው ለተመለሰበት ልጅ፣ ምንም ለቀረለት፣ እዚያም እጣ? ሮም ባምቢኖ ጄዙ ሆስፒታል ውስጥ የካር-ቲውን፣ የልጁን የራሱን የመከላከያ ሕዋስ ቀይረው የሚመልሱበትን ሕክምና፣ የሰጡት 27 ልጅ፣ 17ቱ ምላሽ ሰጡ፣ እዚያ ማን እጣ ጣለ? ማንም። እና ዓለም ሁሉ አጨበጨበ።

ስታት በልቶኝ፦
ያ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ሙከራ ነው፣ ዶዙ፣ አደጋውና የመጀመሪያ ምላሹ ነው የሚለካው። ደግሞ ላገረሸበት እጣ አይሆንም ያለሽ ማነው? 2017 ላይ የወጣ አለ፦ 35 ልጆች ብቻ፣ ያገረሸባቸው ወይም ኪሞ አልበግር ያላቸው። በሁለት ኪሞዎች፣ በኢሪኖቴካንና ቴሞዞሎማይድ፣ ላይ ለአንዱ ወገን ቴምሲሮሊመስ፣ ለሌላው ዳይኑቱክሲማብ። ቴምሲሮሊመስ የደረሳቸው 18 ልጆች ውስጥ ምላሽ የሰጠ 1፣ ዳይኑቱክሲማብ የደረሳቸው 17 ውስጥ 9። በ35 ልጅ! ከዚያ በኋላ ያገረሸባቸው ብዙ ልጆች በዚያ ነው የሚታከሙት።

ዝም አልልም፦
የእነዚያ የ18ቱ እናቶችስ?

ስታት በልቶኝ፦
ቴምሲሮሊመስም ያኔ ተስፋ የተጣለበት መድኃኒት ነበር። ባዶ አልተሰጣቸውም።

ዝም አልልም፦
የጠየቅኩህ ስለ እናቶቹ ነው።

ሞጋች፦
ሌላም አለ፣ ያን 66 ለ46 ደጋግመህ የምታወራውን፣ በአምስት ዓመት ሲታይ እኮ 57 ለ46 ነው። ግማሹ ቀለጠ! የእጣህ ቁጥርም ይዋሻል ማለት ነው 😂

ስታት በልቶኝ፦
በመጨረሻ አንድ ወረቀት አነበብክ። እና በሕይወት መቆየቱስ፣ እሱንስ ለምን አልጻፍከውም? በአምስት ዓመት 73 ለ57። ያጠበበውን ይዘህ ያሰፋውን ጣልክ። የቀነሰው ቁጥር የታወቀውም እጣ ስለነበረ፣ ልጆቹን ስለተከታተሉ ነው። ዲኤፍኤምኦ ላይ እንዲህ ቢሆን ግን ከምን ጋር ነው የምታስተያየው?

ሞጋች፦
አየህ፣ አይሠራም ነው እያልክ ያለኸው።

ስታት በልቶኝ፦
አላልኩም!!

ፋርማሲው፦
ደግሞ ተጀመረ።

ነጭ ጋውን፦
እኔ ለራሴ ብትጠይቁኝ፣ ዲኤፍኤምኦን ባለጉዳይ ቤተሰብ ቢጠይቀኝ አልከለክልም፣ በአፍ የሚወሰድ ነው ሁለት ዓመት፣ ከኤንቲቦዲው ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። ግን የጆሮ ምርመራ ሳይደረግ አላስጀምርም፣ «የተረጋገጠ ነው» ብዬም አልዋሽም። ስታት በልቶኝ ትክክል ነህ፣ አነጋገርህ ግን ሰው ያባርራል።

ስታት በልቶኝ፦
አነጋገሬን ተዉና ቁጥሩን ተቃወሙ።

አድሚን፦
ስድብ የጻፋችሁ ሁለት ሰዎች ኮመንት ተነስቷል። የልጆች ፎቶ እዚህ አይለጠፍ፣ ታማሚም ይሁን አይሁን።

ሞጋች፦
የእኔን ለምን አነሳኸው? የእሱ አሽሙር ለምን አልተነሳም?

አድሚን፦
«ደደብ» የሚል ነበረበት።

ሞጋች፦
«ወላጅ ደደብ ነው» የሚሉትን ጠቅሼ ነው እኮ! የእነሱ ሐሳብ ነው!

ነጭ ጋውን፦
ማንም እንደዛ አላለም፣ አንተ ነህ ያልከው።

ዝም አልልም፦
ስታት በልቶኝ፣ እናቶቹን አልመለስክልኝም።

ስታት በልቶኝ፦
ከላይ መልሻለሁ፣ «ባዶ አልተሰጣቸውም» ያልኩትን አንብቢ።

ዝም አልልም፦
እሱ ስለ መድኃኒቱ ነው።