መንታ የወለደችው በጌ አንዷን አላጠባም አለች

ባለጉረኖዋ (ሰንዳፋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ማታ በጌ መንታ ወለደች። የመጀመሪያውን ላሰችው፣ ወዲያው ጠባ። ሁለተኛዋ ቆይታ መጣች። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እሷም ትንቀጠቀጣለች። ባለቤቴ አዘነላትና ቤት አስገብቶ በፎጣ አድርቆ እሳት ዳር አሳደራት። ጠዋት ስንመልሳት እናቷ በግንባሯ ገፍታ ከግድግዳው ጋር አላተመቻት። ወንድሟ ግን ጭራውን እየቆላ ይጠባል።

አማቴ «እንስሳ እንኳ የወለደችውን አትጥልም» እያሉ ይገረማሉ። ይቺ አባባል እኔን ሌላ ቦታ ነው የምትነካኝ። እህቴ ቤይሩት ስለሆነች ልጇን የማሳድገው እኔ ነኝ። አራት ዓመቱ ነው፣ «እማዬ» የሚለውም እኔን ነው። ሰው ግን «የወላድ አንጀት ሌላ ነው» ሳይል አያልፍም። እስቲ ንገሩኝ፣ ግልገሏን ምን ላድርጋት? ደግሞስ እናትነት እውነት ከማህፀን ብቻ ነው የሚመጣው?

ቀልደኛው፦
«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» የተባለው ለዚህ ነው እንዴ? ቀልዱን ትቼ፣ በጡጦ አሳድጊያት። እኛ ቤት በጡጦ ያደገ በግ ነበር፤ ራሱን ሰው ይመስለው ነበር። ፋሲካ ደርሶ ማን ይረደው ሲባል አንድ ወንድ ጠፋ። ተሸጠ።

ጡረተኛው የከብት ሐኪም (ደብረ ብርሃን)፦
ልጄ፣ ጡጦው ይቆይ። መጀመሪያ እንገር። ከእናቷ አልበሽ አሁኑኑ አጠጫት። ግልገል በሽታ መከላከያ ይዛ አትወለድም፤ የምታገኘው ከእንገር ነው። አንጀቷ ያንን የሚቀበለውም በመጀመሪያው ቀን ነው። 2 ኪሎ ከሆነች 400 ሚሊ ሊትር ያህል ያስፈልጋታል፣ በትንሽ በትንሹ።

እናቲቱ ክፉ ሆና አይደለም። በግ አራስ ልጇን የምትለየው በጠረን ነው። ግልገሉ በማህፀኗ አፍ ሲወጣ ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን አንጎሏ ውስጥ ይለቀቃል። ሌላ ጊዜ የምትሸሸው የሽርት ውሃ ያን ሰዓት ይጥማታል። እየላሰች ጠረኑን ትይዛለች፤ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃታል። ከዚያ በኋላ ያልያዘችው ጠረን ከመጣባት ታባርራለች። የገዛ ልጇም ቢሆን! የእናንተዋ ደግሞ ጭስ ጭስ ስትል አድራ ነው የመጣችው። በግ በመውለድ ብቻ እናት አትሆንም፤ መላስ አለባት።

እናቲቱን ከሁለቱም ጋር ጠባብ ቦታ ለይተሽ እሰሪያት። መተኛት እንድትችል ገመዱን ላላ አድርጊው። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ያዢያትና ግልገሏን አስጠቢ። እንግዴ ልጁ ካልተጣለ ግልገሏን እሺበት። ከሌለ ወንድሟን በእርጥብ ጨርቅ አሽተሽ በዚያው ጨርቅ እሷን እሺ። ጭራዋ አካባቢ አትርሺ፤ ስትጠባ እናቷ የምታሸታት እዚያ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ጭራሽ እምቢ የምትልም አለች፣ ያኔ ጡጦ።

የጓሳው አስጎብኚ (መንዝ)፦
ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ የሞተ ልጇን ይዛ ስትዞር አይቻለሁ። ደርቆ ቆዳ ብቻ ሆኗል። በአንድ እጇ ሣር ትነጫለች፣ በሌላው እሱን ይዛለች። እዚሁ ጓሳ ተጠንቶ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፍ 48 ቀን የተሸከመች እናት ተመዝግባለች። ቱሪስቱ ሲያይ ያለቅሳል። ግን እዚያው ጭላዳ ዘንድ አዲስ ወንድ መጥቶ የቀድሞውን አባወራ ካባረረ ሕፃናቱን ሊገድል ይችላል፤ ስሜን ተራሮች ላይ የታየ ነው። ስለዚህ «ከእንስሳ ተማሪ» የሚል ሲመጣብሽ «ከየትኛዋ?» በይው።

እኔ ብመርጥ ቀይ ቀበሮን ነው። ከመንጋው ብዙ ጊዜ የምትወልደው አንዷ አለቃ ናት። ሌሎቹ ቀን ለየብቻቸው አይጥና ፍልፈል ሲያድኑ ይውላሉ። ሲመለሱ ቡችሎቹ ከጉድጓዱ ወጥተው አፋቸውን ይልሷቸዋል፤ እነሱም የዋጡትን መልሰው ያወጡላቸዋል። ያልወለደች ሴት ስታጠባም ታይታለች። ቡችላው መቼም «አንቺ አክስቴ ነሽ» ብሎ አይመልሳትም። የአንቺም ልጅ «እማዬ» ካለሽ በቃ፣ የጎረቤቱን ወሬ ተይው።

ባለጉረኖዋ (ሰንዳፋ)፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እንገሩን ጠጥታለች። እንግዴ ልጁን ውሻ በልቶታል፣ ስለዚህ በጨርቁ እየሞከርኩ ነው። ስይዛት ታጠባለች፣ ስለቃት ትራገጣለች። የጭላዳውን ለአማቴ ባነብላቸው «አንቺ ደግሞ ከዝንጀሮ ጋር ምን አገናኘሽ?» አሉኝ። ጨርቁን በቀን ስንቴ ላድርገው?

ጡረተኛው የከብት ሐኪም (ደብረ ብርሃን)፦
ባስጠባሽ ቁጥር። ሁለቱንም እኩል አስርበሽ አንድ ላይ ልቀቂያቸው። እናቲቱ ወንዱን ስታሸት ሴቷ ከወዲያ በኩል ትጠባለች።