ጥቆማ፦ ከወላጅ ጋር የሚታይ የሜክሲኮ-አሜሪካውያን የፍቅር ኮሜዲ

ጥያቄ፦ የሜክሲኮ ተወላጅ አሜሪካውያንን ኑሮ ከውስጥ የሚያሳይ፣ እናትና አባት ፊት የማያሳፍር የፍቅር ኮሜዲ ጠቁሙኝ። የማሪያቺ ሙዚቃና የታኮ ምግብ ለጌጥ ብቻ የገባበት ይቅርብኝ።

መልስ 1፦ «ቶርቲያ ሱፕ» (2001)፣ ያለ ጥርጥር። ጣዕምና ሽታ መለየት ያቃተው የሎስ አንጀለስ ሼፍ ሚስቱ ሞታበት ከሦስት ያደጉ ሴት ልጆቹ ጋር ይኖራል። ከእሑድ ማዕድ መቅረት ክልክል ነው፤ ፍቅሩም ጠቡም ዱብ ዕዳውም የሚፈነዳው እዚያው ገበታ ላይ ነው። የታይዋናዊው ዳይሬክተር የአንግ ሊ የ1994 ፊልም «ኢት ድሪንክ ማን ውሜን» ወደ ሜክሲኮ ቤት ተዛውሮ የተሠራ ስለሆነ ያንን ያየ ሰው መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቀዋል። ምግቡን ያሰናዱት ስመ ጥሮቹ ሼፎች ሜሪ ሱ ሚሊከንና ሱዛን ፌኒገር ናቸው፤ ራት ሳትበሉ አትክፈቱት።

መልስ 2፦ ለሳቅ ከሆነ «ፉልስ ረሽ ኢን» (1997) ይበልጣል። ሳልማ ሃየክና ማቲው ፔሪ ላስ ቬጋስ ተገናኝተው አንድ ሌሊት ያድራሉ፤ ከሦስት ወር በኋላ አርግዣለሁ ትለዋለች፤ ዘፋኙን ኤልቪስን መስሎ የለበሰ ሰው ያጋባቸዋል። ፊልሙ የሚጥመው ከዚያ ወዲህ ነው፤ የእሷ ትልቅ ቤተሰብ በአንድ በኩል፣ ኒው ዮርክ ያለው ሥራው በሌላ በኩል። አጀማመሩ ግን ወላጅ ፊት ትንሽ ያስጨንቃል።

መልስ 3፦ «አወር ፋሚሊ ዌዲንግ»ን (2010) ከወላጅ ጋር እንዳትሞክሩት! አንድ ፍየል ቪያግራ ይውጣል፤ ቀሪውን የሙሽራውን አባት የሚጫወተው ፎረስት ዊትከር ይንገራችሁ። የሙሽራዋና የሙሽራው አባቶች ፉክክር ግን ያስቃል፤ ሜክሲኳዊው አባት መኪና ጎታች ሲሆን መጀመሪያ የሚጎትተው የጥቁር አሜሪካዊውን አባት መኪና ነው።

መልስ 1፦ «ሪል ውሜን ሃቭ ከርቭስ» (2002) በጥራት ከሁሉም ይልቃል፤ ፍቅሩ ግን ዳር ላይ ነው፣ ዋናው የእናትና የልጅ ግብግብ ነው። ልጅቷ የምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት በ18 ዶላር የሚያስረክበው ቀሚስ ሱቅ ውስጥ 600 ዶላር ይሸጣል። ሙቀቱ ሲጠና ሠራተኞቹ በውስጥ ልብስ የሚቀሩበት ትዕይንት አለው፤ ከእናት ጋር እዩት፣ አባት ካለ አስቡበት። «ፍሮም ፕራዳ ቱ ናዳ» (2011) የጄን ኦስተንን ልብ ወለድ ወደ ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ያመጣ ነው፤ ተገማች ነው፣ ግን ለቤተሰብ ሰላም።

ጥያቄ፦ የስፓኒሽ ንግግሩ ሳይተረጎም ቢያልፍስ?

መልስ 2፦ አንዳንድ ቅጂ ላይ ትርጉሙ ምስሉ ላይ አልታተመም፤ ስለዚህ ሙሉ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ክፈቱ። ለብቻው ያወረዳችሁት ሰብታይትል ከንግግሩ ጋር ካልገጠመ ቪኤልሲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ «ጂ» (G) ቁልፍ በ50 ሚሊሰከንድ ያስቀድመዋል፣ «ኤች» (H) ደግሞ ያዘገየዋል። ይህ የሚሠራው ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ብቻ ነው። እየቆየ የሚሰፋ ከሆነ ከቪዲዮውና ከሰብታይትሉ የአንዱ ፍጥነት በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል)፣ የሌላው 23.976 ሊሆን ይችላል፤ ቁልፍ ከመጫን ሌላ የሰብታይትል ፋይል ፈልጉ።