«ሴምላ» በፎርማጆ?

ትርጓሜ፦ በፊንላንድ የሚኖሩ ስዊድንኛ ተናጋሪዎች ያዘጋጁትን የምግብ ዝርዝር ወደ አማርኛ ስመልስ «ሴምላ በፎርማጆ» የሚል አገኘሁ። በስዊድን ግን ሴምላ ሄል የገባበት፣ በተፈጨ ለውዝና በክሬም የተሞላ የጾም መግቢያ ጣፋጭ ነው (ኦቾሎኒ ማለቴ አይደለም)። ይህንን በአማርኛ ምን ልበለው?

ዘሰሜን፦ የፊንላንዶቹ ሴምላ ምንም ያልተሞላ ትንሽ የስንዴ ዳቦ ነው፤ ፊንላንድኛም «ሳምፒላ» ብሎ ወርሶታል። ክሬም ያለበትን እነርሱም የደቡብ ስዊድን ሰዎችም «ፋስትላግስቡሌ» ይሉታል፤ የዴንማርክና የኖርዌይ «ፋስተላቭንስቦለ» ደግሞ «የጾም ዋዜማ» ከሚል የታችኛው ጀርመንኛ ቃል የመጣ ስለሆነ ከእኛ ቅበላ ጋር ይገጥማል። የስዊድኑ ንጉሥ አዶልፍ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1771 በዚሁ ዕለት፣ በትኩስ ወተት የሚቀርበውን «ሄትቬግ» የተባለ የሴምላ ዓይነት ከብዙ ምግብ በላይ ጨምረው በልተው ዐረፉ።

ደቂቀ ቅኔ፦ ንጉሡን እንተዋቸውና ወደ ሥሩ እንመለስ። ሴምላ ከጀርመንኛው «ዜምል»፣ ዜምልም የላመ ዱቄት ከሚባልበት ከላቲኑ «ሲሚላ» የመጣ ነው። የግሪኩ «ሴሚዳሊስ» የዚሁ ዘመድ ሲሆን በግእዝ «ስንዳሌ» ሆኖ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2 ለቍርባን ይቀርባል። እንግዲህ «ስንዴ» የምንለውም ከስንዳሌ መውጣቱ ግልጽ ነው።

ዘጎንደር፦ ወንድሜ፣ ግልጽ የሆነው የቸኮሉ መሆንዎ ነው። በማቴዎስ ምዕራፍ 13 ክርዳድ የተዘራው በሥርናይ (በግእዝ ስንዴ ማለት ነው) መካከል እንጂ በስንዳሌ መካከል አይደለም፤ ዱቄት ውስጥ የሚዘራ ጠላት አልሰማንም። ስንዴን የምናዛምደው ከሥርናይ ጋር ነው፣ ትግርኛም እስከ ዛሬ «ስርናይ» ይላል።

ደቂቀ ቅኔ፦ ቀልዱን ተቀብያለሁ፣ ክርክሩን ግን አልተቀበልሁም። የ«ረ»ን ወደ «ደ» መለወጥ ያስረዱኝ፤ ቅኔ ቤት ሳለን ያለ ማስረጃ ድምፅ ለውጦ ማለፍ አይፈቀድልንም ነበር።

ዘሰሜን፦ ላቲኑም ግሪኩም ቃሉን ከምሥራቅ እንደተዋሱት ይታሰባል፤ በጥንቱ የመስጴጦምያ ቋንቋ በአካድኛ «ሳሚዱ»፣ በዐረብኛ «ሰሚድ» አለ። ስለዚህ ሴምላና ስንዳሌ የሩቅ ዘመዶች ይሆናሉ፤ ሥርናይን ግን ወደዚህ ዘር የሚያገባው ምን እንደሆነ አላየሁም።

ትርጓሜ፦ ስለ ሥሩ አመሰግናለሁ፤ በዝርዝሩ ላይ ግን «ትንሽ ዳቦ» ልበል ወይስ «ሴምላ» ብዬ ልተወው?

ዘጎንደር፦ እመቤቴ፣ አስቀድመን የ«ረ»ን ነገር እንጨርስ። «ሥርናይ» ላይ «ረ» እና «ነ» ቦታ ቢለዋወጡ በመካከላቸው «ደ» መግባቱ ለምላስ የቀለለ ነው፤ ከዚያ በኋላ «ረ»ው ቢወድቅ ማን ይደነቃል?

ደቂቀ ቅኔ፦ እኔ እደነቃለሁ።