ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ዌብ ዲዛይን ከየት ይጀምር?

የባልትና ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የኢንፎርሜሽን ሲስተምስ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ላፕቶፕ የለኝም። ያለኝ አንድ ሳምሰንግ ስልክና የካምፓሱ ላብ ነው። እሱም ክላስ በሌለበት ሰዓት፣ ያውም መብራት ካለ።

በዚህ ሴሚስተር የዌብ ኮርስ አለን። የተሰጠን ስላይድ ግን ጽሑፍ የሚያሯሩጠውን ማርኪና ፎንት የሚባለውን ታግ (ለብሮውዘሩ ትዕዛዝ የሚሰጥ የኮድ ምልክት) ነው የሚያስተምረው። ፕሮጀክቱን በራሳችሁ ሐሳብ ሥሩ ተብለናል። እኔ ለእናቴ የባልትና ሱቅ ገጽ ልሠራላት አሰብኩ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ቆሎ ትሸጣለች። ዋጋውና ስልኳ ቢኖርበት፣ ሊንኩን በቴሌግራም ለደንበኞቿ እልክላታለሁ ብዬ ነው።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ ሌላ ሌላ ነገር ይለኛል። የዶርም ጓደኛዬ ፊግማ (የገጽ መንደፊያ ፕሮግራም) ሳትችዪ እንዳትነኪው ትላለች። ሲኒየሮች ሪአክት የሚባለው የኮድ መሣሪያ ካልሆነ ሥራ አይገኝም ይላሉ። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ያለ ኮድ ገጽ የሚሠራው ወርድፕረስ እያለ ምን አደከመሽ አለኝ። ሁለተኛ፣ ላብ ውስጥ ኖትፓድ ላይ የጻፍኩት አማርኛ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ። በማግስቱ ፋይሉን ስከፍተው ከርዕሱ ጀምሮ ???? ብቻ ነው። ምን ላድርግ?

አቋራጭ፦

የአክስትሽ ልጅ እውነቱን ነው። ወርድፕረስ ዶት ኮም ላይ ነፃ አካውንት ክፈቺ፣ አንድ ደህና ቴም (ተዘጋጅቶ ያለቀ የገጽ መልክ) ምረጪ፣ ፎቶ ጫኚ፣ አለቀ። እናትሽ የምትፈልገው ገጽ እንጂ ኮድ አይደለም። ዘመኑ የኤአይ ነው፤ የገጹን ኮድ፣ ኤችቲኤምኤሉን፣ በእጅ መጻፍ ምን ይሠራል?

ታይፒስቱ፦

አቋራጭ ወንድሜ፣ ስለ እናትየው ያልከው ልክ ነው። ልጅቷ ግን ኮርስ አለባት። አስተማሪው ፕሮጀክቷን ከፍቶ "ይቺን ሳጥን ወደ ግራ ውሰጂያት" ቢላት ቴሙ አይመልስላትም። ኤአይም ቢጽፍላት፣ ገጹ ሲሰበር የቱ ጋ እንደተሰበረ የምታውቀው ማንበብ ከቻለች ነው።

የባልትና ልጅ፣ ከጥያቄ ምልክቱ ልጀምር። እሱ ሳይፈታ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። ድሮ ፒያሳ አንድ የጽሕፈት ሥራ ቤት ውስጥ ስተይብ ስለኖርኩ ይሄን በሽታ ገና ከሩቅ ሳየው ነው የምለየው። ኮድ እዚህ ስንለጥፍ ምልክቶቹ ስለሚበሉ ሁሉንም በአማርኛ ፊደል እጽፍልሻለሁ።

የተበላሸ አማርኛ ሦስት መልክ አለው። የጥያቄ ምልክት ከሆነ፣ ፊደሉ ሴቭ ሲደረግ ነው የጠፋው። አይመለስም፤ እንደገና ትጽፊዋለሽ። የላባችሁ ኮምፒውተር የቆየ ዊንዶውስ ነው ማለት ነው። የድሮው ኖትፓድ ዝም ብለሽ ሴቭ ስትዪው አንሲ በሚባለው ኢንኮዲንግ (ፊደል ወደ ቁጥር የሚቀየርበት ሥርዓት) ያስቀምጠዋል፤ እዚያ ውስጥ ደግሞ ለግዕዝ ፊደል ቦታ የለም። ፊደል ይጠፋል የሚል ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ መቼም ላብ ውስጥ ማስጠንቀቂያ የሚያነብ ሰው የለም። ሴቭ አዝ ስትዪ ከታች ኢንኮዲንግ የሚል ምርጫ ታገኛለሽ፤ ዩቲኤፍ-8 አድርጊው። እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 ማሻሻያ ወዲህ ኖትፓድ ራሱ እንዲህ ነው የሚያስቀምጠው።

ጭረትና ነጥብ የተለጠፈበት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ካየሽ ደግሞ ፋይሉ ጤነኛ ነው። ብሮውዘሩ ነው በሌላ ኢንኮዲንግ ያነበበው። ሄድ በሚባለው ክፍል ውስጥ፣ ከሁሉ በፊት፣ ሜታ ታግ ጨምሪና ቻርሴቱን (ኢንኮዲንጉን ለብሮውዘሩ የሚናገረውን) ዩቲኤፍ-8 በዪው። ባዶ ባዶ ሳጥን ከሆነ የጠፋው ፎንት ነው። አሁን ባሉ ስልኮች ላይ ብዙም አያጋጥምም። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ካጋጠመሽ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከጉግል ፎንትስ በነፃ ታወርጂያለሽ።

አራተኛም አለ ለካ። እናትሽ የዋጋ ዝርዝሯን የሆነ ቦታ አስተይባ ከሆነና ፋይሉን ከሰጡሽ፣ ኮፒ ከማድረግሽ በፊት በምን እንደተተየበ ጠይቂ። የድሮው ፓወር ግዕዝ የእኛን ፊደል የሚያስቀምጠው በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ ነበር። ፎንቱ ሲነሳ የሚቀርሽ ትርጉም የለሽ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ግዕዝ የዓለምን ፊደላት በአንድ ላይ የሚይዘው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እስከ ዛሬ ያልሰማ የጽሕፈት ቤት ግን አይጠፋም።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ፊግማም ሪአክትም ይቆዩ። መጀመሪያ የገጹን ይዘት የሚይዘው ኤችቲኤምኤል፣ ከዚያ መልኩን የሚወስነው ሲኤስኤስ፣ በቃ። አንድ ገጽ በሌላ ሰው ስልክ ላይ ሳይሰበር እስኪከፈት ድረስ አዲስ ነገር አትንኪ። ሪአክት የሚሉሽ ሲኒየሮች ክፋት የለባቸውም፤ ግን ሪአክትም ዞሮ ዞሮ ብሮውዘሩ ላይ የሚያወጣው ኤችቲኤምኤል ነው። ስላይዱን ለፈተናው አጥኚው። ፎንት የሚባለው ታግ ግን እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ኤችቲኤምኤል 4 ላይ ነው "ተዉት" የተባለው። ያኔ አንቺ አልተወለድሽም። ቀለሙን፣ መጠኑን፣ ክፍተቱን ሁሉ ለብቻው በሲኤስኤስ ፋይል አድርጊው።

ላብ ከመግባትሽ በፊት ገጹን ወረቀት ላይ ሣይው። በርበሬ የሚገዛ ሰው ምን ይፈልጋል? ኪሎው ስንት ነው፣ ሱቁ የት ነው፣ በምን ስልክ ልደውል። እነዚህ ሦስቱ ስክሪኑ ላይ ጣት ሳያንሸራትት መታየት አለባቸው። ስልኳን ሊንክ አድርጊው፦ ኤችሬፉ (የሊንኩ አድራሻ) ላይ ቴል ብለሽ፣ የእንግሊዝኛውን ሁለት ነጥብ አድርገሽ፣ ከ+251 ጀምረሽ ቁጥሩን ጻፊ። ሲነካ መደወያው ይከፈታል። ብዙ ብር የወጣባቸው ገጾች እንኳን ስልካቸውን ፎቶ ውስጥ ነው የሚጽፉት። ሰውየው እስክሪብቶ ፈልጎ ይገልብጥ ነው ነገሩ!

አሁን ጀማሪን ሁሉ የሚጥሉትን ሁለት ነገሮች ልንገርሽ። አንዱ ቪውፖርት ነው፤ ገጹ የሚታይበት ስፋት ማለት ነው። ይሄን ሜታ ታግ ካልጨመርሽ ስልኩ ገጹን 980 ፒክስል ያህል ስፋት ባለው ስክሪን ላይ ያለ አስመስሎ ይሠራውና አጥብቦ ያሳይሻል። ጽሑፉ ጉንዳን ያክላል። ዊድዙን ዲቫይስ ዊድዝ፣ ኢኒሻል ስኬሉን 1 አድርጊ። ሁለተኛው የሳጥን ስፋት ነው። ለአንድ ሳጥን ዊድዝ 100 ፐርሰንት ትሰጪዋለሽ፣ ከዚያ ጽሑፉ ጠርዝ እንዳይነካ 20 ፒክስል ፓዲንግ ትጨምሪለታለሽ። ፓዲንጉ በግራም በቀኝም ስለሚደመር ሳጥኑ በ40 ፒክስል ከስክሪኑ ይወጣል፤ ገጹም ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራል። ተማሪው የቱ ጋ እንዳጠፋ ግራ ገብቶት ያድራል። ቦክስ ሳይዚንግን ቦርደር ቦክስ ስትዪው ፓዲንጉ ወደ ውስጥ ይቆጠራል። የሲኤስኤስ ንዴት ግማሹ እዚህ ላይ ያልቃል።

ለአማርኛ ብቻ የሚሆን ምክር ልጨምር፤ እነዚህን የውጭ ቪዲዮ አይነግርሽም። የእኛ ፊደል ረጅም ነው፤ በመስመር መካከል አየር ይፈልጋል። ላይን ሃይቱን 1.7 አካባቢ አድርጊው። ኢታሊክ አትጠቀሚ። የግዕዝ ፎንቶች ኢታሊክ ስለሌላቸው ብሮውዘሩ ፊደሉን በጉልበት ያጋድመዋል፤ ያስጠላል። ቦልድ ከፈለግሽ የራሱ ቦልድ ያለው ፎንት ምረጪ። ኖቶ አለው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ቆንጆ ፎንት ነው፣ ግን አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው፤ ቦልድ ስትዪው ብሮውዘሩ ዝም ብሎ ያወፍረውና እንደ ጨ ያለው ፊደል ውስጡ ይደፈናል። በመጨረሻ የገጹን ላንግ (የቋንቋ ምልክቱን) ኤኤም አድርጊው፤ ብሮውዘሩም ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራምም አማርኛ መሆኑን እንዲያውቁ።

ማታ ፓኬጅ፦

እኔም ተማሪ ነኝ፤ ጋሼ ታይፒስቱ ባሉት ላይ ስለ ዳታ ልጨምር። ቪዲዮ እያየሽ ፓኬጅሽን አትጨርሺ። ዴቭዶክስ የሚባል ገጽ አለ፤ የኤችቲኤምኤልና የሲኤስኤስ ማብራሪያውን አንዴ ካወረድሽው ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ዋይፋይ ስታገኚ አውርጂው። ስልክ ላይ ለመጻፍ ኤኮድ የሚባለው አፕ ነፃ ነው፤ እዚያው ጽፈሽ እዚያው ታዪዋለሽ። ልምምድ ከፈለግሽ ፍሪኮድካምፕ ላይ ሪስፖንሲቭ ዌብ ዲዛይን የሚል ነፃ ትምህርት አለ። ጽሑፍና መልመጃ ስለሚበዛበት ብዙ ዳታ አይበላም።

ገጹን ኢንተርኔት ላይ ለማውጣት ጊትሀብ ፔጅስን ተጠቀሚ፤ ለተማሪ ፕሮጀክት በነፃ ይበቃል። ፋይሎቹን ከስልክሽ ብሮውዘር መጫን ትችያለሽ። ዋናውን ፋይል ብቻ ኢንዴክስ ብለሽ ሰይሚው፤ በሌላ ስም ካስቀመጥሽው ሊንኩን ስትከፍቺ ገጽ አልተገኘም ይልሻል። ላብ ስትሆኚ ደግሞ ክሮም ላይ ኤፍ12 ተጫኚና የስልክ ምልክቷን ንኪ፤ ገጹን በስልክ ስፋት ያሳይሻል። ኔትወርክ የሚለው ክፍል ውስጥ ፍጥነቱን ወደ 3ጂ ማውረድም ይቻላል። የእኛ ሰፈር ኔትወርክ ምን እንደሚመስል ለአስተማሪ ለማሳየት ተመራጭ ነው።

የባልትና ልጅ፦

ጋሼ ታይፒስቱ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንዳሉኝ ዩቲኤፍ-8 አድርጌ እንደገና ጻፍኩት፤ አማርኛው ፍንትው ብሎ ወጣ። ወደ ጎን መንሸራተቱም ቆመ። ማታ ፓኬጅ፣ አንቺም ተባረኪ፤ ጊትሀብ ላይ ወጥቷል። እናቴ ጋ ልኬላት ስልኩን ስትነካው እኔው ጋ ደወለች፤ ለሙከራ የራሴን ቁጥር ነበር ያስገባሁት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ላብ ኮምፒውተር ላይ ሦስቱም ፎቶ ይታያል። ሊንኩን በስልክ ስከፍተው ግን የሽሮው ብቻ ይመጣል፤ የበርበሬውና የቆሎው ቦታ የተሰበረ የፎቶ ምልክት ነው። የሽሮውም ቢሆን ከላይ ወደ ታች እየተንቀረፈፈ ነው የሚመጣው። ፋይሎቹ ጊትሀብ ላይ መኖራቸውን አይቻለሁ።

ታይፒስቱ፦

ጎበዝ! የፋይሎቹን ስም ፊደል በፊደል አስተያዪ። አንዳንድ ካሜራ የፎቶውን ስም መጨረሻ፣ ጄፒጂ የሚለውን፣ በትልልቅ ፊደል ነው የሚጽፈው፤ አንቺ ኤችቲኤምኤሉ ላይ በትንንሽ ጽፈሽው ይሆናል። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ስለዚህ ላብ ላይ ይታይሻል። የጊትሀብ ሰርቨር ግን ይለያል። ስሙ ልክ ከሆነ ደግሞ ፎቶውን የጠራሽበትን መስመር እዪው። የኮምፒውተሩን ሲ ድራይቭ የሚጠቅስ ከሆነ፣ ሰው ስልክ ላይ የላባችሁ ሲ ድራይቭ ስለሌለ አይመጣም። እሱን አጥፍተሽ የፋይሉን ስም ብቻ ጻፊ። ከእንግዲህ ፋይል ስትሰይሚ ሁሉንም በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ አድርጊው።

መንቀርፈፉ የፎቶው ክብደት ነው። ከስልክ ካሜራ የወጣ ፎቶ 3 እና 4 ሜጋባይት ይመዝናል፤ ስፋቱም ለስልክ ስክሪን ከሚያስፈልገው እጅግ ይበልጣል። ስኩሽ የሚባለውን ነፃ ገጽ ክፈቺ፣ ስፋቱን 800 ፒክስል አድርጊ፣ ዌብፒ በሚባለው ቀለል ያለ የፎቶ ዓይነት አስቀምጪው። ክብደቱ ወደ 100 ኪሎባይት አካባቢ ይወርዳል፤ በርበሬው ያው ቀይ ነው። የፋይሉ ስም መጨረሻ ስለሚቀየር ኤችቲኤምኤሉ ላይም መቀየር እንዳትረሺ። አስተካክለሽ ከጫንሽ በኋላ ወዲያው ካልታየ አትደንግጪ፤ ጊትሀብ ለማደስ እስከ 10 ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል።