ለጎንደር ነዋሪ ይበልጥ የሚያሰጋው የተፈጥሮ አደጋ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በሥራ ዝውውር ምክንያት ቤተሰቤን ይዤ ከአዳማ ወደ ጎንደር ልመጣ ነው። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተከታታይ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እኛም ዘንድ ይሰማ ስለነበር ልጆቼ እስካሁን ድረስ ሌሊት በትንሽ ድምፅ ይባንናሉ። በጎንደርስ የሚያሰጋው ምንድን ነው? ካየኋቸው ቤቶች አንዱ ቀሃ ወንዝ ዳር፣ ሌላው ተዳፋት ተቆርጦ በተደለደለ ቦታ ላይ ነው።

መልስ፣ ከጂኦግራፊ መምህር፦
እንኳን ደህና መጡ። አዳማ ስምጥ ሸለቆው ውስጥ ስትሆን ጎንደር ግን ከእርሱ ርቃ በሰሜን ምዕራቡ ደጋ ላይ ስለምትገኝ የመንቀጥቀጡ ስጋት በእጅጉ ያነሰ ነው። ፈጽሞ የለም ማለት ግን አይደለም፤ በ1704 እ.ኤ.አ. የደረሰው መንቀጥቀጥ የአፄ ኢያሱን ቤተ መንግሥት እንደጎዳው በታሪክ ይነገራል። ለልጆችዎ ይህንኑ በእርጋታ ቢያስረዷቸው መልካም ነው። እዚህ የሚፈራው የክረምት ውሃ ነው።

መልስ፣ ከሲቪል መሐንዲስ፦
የመምህሩን ሐሳብ እጋራለሁ። ከተማችን በቀሃና በአንገረብ መካከል ተዳፋት ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ በሐምሌና በነሐሴ ከባድ ዝናብ ሲጥል ውሃው ከየኮረብታው ወርዶ በአጭር ጊዜ ወንዞቹን ይሞላል፤ ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈርም የአንገረብን ግድብ በደለል እየሞላ ያስቸገረን ነው። ስለዚህ የወንዝ ዳሩን ቤት ቢተዉት እመርጣለሁ። ቁርጭምጭሚትን ትንሽ ያለፈ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ፈጣን ጎርፍ አዋቂን ሰው ሊጥል ይችላል፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሞላ ወንዝ እንዳይሻገሩ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

ሁለተኛውን ቤት በተመለከተ፣ ከጀርባው ያለው የተቆረጠ አፈር በድጋፍ ግንብ መያዙን፣ ግንቡም ውሃ የሚያስወጡ ቀዳዳዎች እንዳሉት ይመልከቱ፤ ቀዳዳ የሌለው ግንብ ውሃ ከኋላው እየታቆረ ሲገፋው ይፈርሳል። መሬቱ ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍ ወይም የመብራት ምሰሶ ካዘመመ፣ በር ያለ ምክንያት አልዘጋ ካለ ወይም ደረቅ የነበረ ቦታ ውሃ ማመንጨት ከጀመረ ዕቃ ለመሰብሰብ ሳይቆዩ መውጣት ያስፈልጋል። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. በሰሜን ጎንደር ጠለምት ወረዳ በመሬት መንሸራተት ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ በጎፋ ዞን ከ200 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ ብዙዎቹ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የሄዱ ነበሩ፤ ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ልቤ ይሰበራል። የተናደ ተዳፋት ዳግም ሊናድ ስለሚችል፣ ከላይ ያለውን የሚከታተል ሰው ሳይቆም ከሥሩ መቆፈር አይገባም።

መልስ፣ ከደንቢያ ተወላጅ፦
ወንድሜ፣ የጎንደር ውሃ የመገጭን ወንዝ ይዞ ወደ እኛ ሜዳ ይወርድና ጣና ይገባል፤ ሜዳው ሲጥለቀለቅ ሰብል ይጠፋል፣ ውሃው ሲሸሽም ወባ ይከተላል። ስለዚህ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ቆላድባ የሚወርዱ ከሆነ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ልጆቹን አጎበር ውስጥ ያስተኙ። መብረቁንም አይርሱት፤ ነጎድጓድ ሲሰማ ከብቸኛ ዛፍ ሥር መጠለል አደገኛ ነው።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወንዝ ዳሩ ቤት ኪራይ በጣም ይቀንሳል፤ አከራዩም ውሃ ገብቶበት አያውቅም ይላሉ። እንዴት ላረጋግጥ?

መልስ፣ ከሲቪል መሐንዲሱ፦
ከግድግዳው ግርጌ አግድም የሄደ የጭቃ መስመር ወይም ከታች ብቻ በአዲስ ቀለም የተቀባ ክፍል መኖሩን ይዩ፤ ደለል የያዘ አጥርና በወንዙ ዳር ቁጥቋጦ ላይ የተንጠለጠለ ፌስታል ውሃው የደረሰበትን ከፍታ ያሳያል። ከዚያም ረጅም ዓመት የኖሩ ጎረቤቶችን ለየብቻ ይጠይቁ። የውሃ መውረጃው ቦይ በቆሻሻ ተደፍኖ ካገኙት፣ ግድግዳው ንጹሕ ቢሆንም እንኳ ቤቱን አይከራዩት።