ቁርጠት፣ ቁርጥማት፣ ውጋት፦ ለሐኪም የትኛው ይነገራል?

ጥያቄ፦ «ቁርጠት» እና «ቁርጥማት» አንድ ናቸው? ለሐኪም ሲነገሩስ ልዩነት ያመጣሉ? ሌሎች የሕመም ቃላትም ቢታከሉበት ደስ ይለኛል።

መልስ፦ አንድ አይደሉም። ቁርጠት ከ«ቆረጠ» የወጣ ነው፤ ቦታው ሆድ ነው፣ ጠባዩም ያዝ ለቀቅ ማድረግ ነው። አንጀት ወይም ማህፀን ሲኮማተር የሚሰማው እንዲህ ያለው ሕመም ነው። ቁርጥማት ግን ከ«ቆረጠመ» ነው፤ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ነው። «ጉልበቴን ይቆረጥመኛል» ይባላል፤ «ሆዴን ይቆረጥመኛል» ግን አይባልም። በመካከላቸው ያለችው አንዲት «ም» ሐኪሙን ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ትወስደዋለች።

ውጋት በጎንና በደረት ላይ ይበዛል፤ ቦታውን ብዙ ጊዜ በአንድ ጣት ማሳየት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን «ወጋኝ» ብሎ ማቆም አይበቃም። አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ ወይም ሲያስሉ የሚብስ ከሆነ የሳንባ ሽፋን፣ የጎድን አጥንት ወይም በመካከሉ ያለው ጡንቻ ይጠረጠራል፤ ስለዚህ «ስተነፍስ ይብስብኛል» የምትለዋ ቃል መቅረት የለባትም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የነርቭ ሕመም ቃላት ሳይነገሩ መቅረታቸው ነው፦ ይለበልበኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይጠቀጥቀኛል፣ ውርር ይለኛል፣ ደነዘዘኝ። ሰው እነዚህን ሁሉ ጠቅልሎ «እግሬን ያመኛል» ካለ ተራ ማስታገሻ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ፓራሲታሞል ደግሞ ለነርቭ ሕመም እምብዛም አይረዳም። «ከወገቤ ተነስቶ በጭኔ ጀርባ ወርዶ እስከ እግሬ ጣት ይነዝረኛል» ሲባል ግን ሐኪሙ ወገብ ላይ ጫና የደረሰበት ነርቭ እንዳለ ይመረምራል፤ መድኃኒቱም ሌላ ሊሆን ይችላል፣ ለምሳሌ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት አሚትሪፕቲሊን ወይም ጋባፔንቲን።

ተጨማሪ፦ በዚህ ላይ የግሱ ጊዜም ይታሰብበት። «እያመመኝ ነው» ካሉ ሕመሙ በዚህ ሰዓት አለ። «ያመኛል» ካሉ ግን ይመላለሳል፣ አሁን ላይኖርም ይችላል። «አሞኛል» ደግሞ ትኩሳትም ድካምም ሊሆን ይችላል። «5 ደቂቃ ይዞኝ 20 ደቂቃ ፋታ ይሰጠኛል» ማለት ከሁሉም ይሻላል። ቁርጠት ፋታ መስጠቱን ትቶ ሆድ ከደነደነና ሲነካ የማይቻል ከሆነ ቀጠሮ አይጠበቅም። ድንገት ተነስቶ በ1 ደቂቃ ውስጥ የመጨረሻው ጫፍ የደረሰ የራስ ፍልጠትም እንደዚሁ፤ የአንጎል ደም መፍሰስ ሊሆን ይችላል።

ሌላ መልስ፦ የአካል ስሞቻችንም ሰፋፊ ናቸው። «እጄን» ሲባል ከትከሻ እስከ ጣት፣ «እግሬን» ሲባል ከዳሌ እስከ ተረከዝ ሊሆን ይችላል። «ልቤን ያቃጥለኛል» የሚል ብዙ ጊዜ ቃር ማለቱ ነው። «ኩላሊቴን» የሚለው ደግሞ ከወገቡ ጡንቻ ሌላ ምንም ያልታመመ ሊሆን ይችላል። የውስጥ አካልን ስም ለሐኪሙ ትቶ ቦታውን በእጅ ማሳየት ነው። «ብርድ መታኝ»ም መንስኤ መገመት እንጂ ሕመሙን መግለጽ አይደለም፤ ጉንፋንም፣ የጀርባ መያዝም፣ የፊት መጣመምም በዚሁ ስም ይጠራሉ።

ጥያቄ፦ «ከ10 ስንት ያመሃል?» ሲባልስ?

መልስ፦ 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ሊታሰብ የሚችለው የመጨረሻው ሕመም ነው። ቁጥሩ የሚጠቅመው ለማነጻጸር ነው፦ ከመድኃኒቱ በፊት 8፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 5። «ነፍሴን አወጣኝ» ስሜቱን ይገልጻል እንጂ አይለካም፤ «ሌሊት 2 ጊዜ ይቀሰቅሰኛል» ወይም «ደረጃ መውጣት ከለከለኝ» ግን ይለካል። ጥርስን ነክሶ የቻለ ሰው 3 ቢል የሚታከመው እንደ 3 ነው። የወሰዱትንም በልክ ይናገሩ፦ «ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል 2 ፍሬ፣ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ4 ቀን»። ካናዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮናልድ ሜልዛክ በ1975 እ.ኤ.አ. ያወጣው የሕመም መጠይቅ 78 ቃላትን በ20 ምድብ ያሰፈረው «ያማል» ብቻውን ስለማይበቃ ነው።

እርማት ቢጤ፦ «ሕመም» የሚለው ቃል ራሱ የሚያሳስትበት ቦታ አለ። ሐኪሙ «ደረትህን ያምሃል?» ሲል ታማሚው «የለም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ የሚሰማውን «ሕመም» ብሎ አይጠራውምና። «ከበደኝ»፣ «ተጫነኝ»፣ «ጨመቀኝ» ነው የሚለው። ድንገተኛ የልብ ሕመም ብዙ ጊዜ የሚነገረው በእነዚህ ቃላት ነው። ጫናው ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከዘለቀ፣ ላብ ካጠመቀ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ሳይጠየቁም «ደረቴን ተጫነኝ» ብሎ ወዲያው መናገር ነው።