የሊኩዋላ ዘንባባ ቅጠል ዳር ዳሩ ደረቀ፣ ዘሩም አልበቅል አለ

ጥያቄ (ሰናይት)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤት ውስጥ በማሰሮ የተተከለ ሊኩዋላ ግራንዲስ አለኝ፤ ያ ቅጠሉ ሳይሰነጠቅ እንደ ማራገቢያ የተጣጠፈው ዘንባባ። የቆዩት ቅጠሎች ዳር ዳራቸው ቡናማ ሆኖ ደርቋል፣ አንደኛው ደግሞ ከጠርዙ ወደ መሃል ተቀዷል። አዲሱ ቅጠል ደህና ነው። የደረቁትን ቆርጬ ልጣላቸው? ዘሩንም ዘርቼ ነበር፤ ሦስት ወር አለፈው፣ ምንም የለም። ከግንዱ ከፍሎ ማባዛትስ ይቻላል?

መልስ (ችግኝ ጣቢያ)፦
መቁረጡን ያቆዩት። ዘንባባ ፖታሲየም የተባለው ንጥረ ነገር ሲያጥረው ከአሮጌ ቅጠሉ ስቦ ለአዲሱ ይሰጣል። አሮጌውን ከቆረጡበት ቀጥሎ ያለውን መብላት ይጀምራል፤ ጉዳቱም ወደ ላይ ይወጣል። ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ብቻ ከእጀታው (ቅጠሉን ከግንዱ ከሚያገናኘው ዘንግ) ይቁረጡት፤ እጀታው ዳርና ዳር እሾህ ስላለው ጓንት ያድርጉ።

መንስኤውን ለመለየት ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱ። በአሮጌው ቅጠል ላይ ብጫ ወይም ብርቱካናማ ነጠብጣብ ካለ የፖታሲየም እጥረት ነው። መሃሉ አረንጓዴ ሆኖ ዳሩ በሰፊው ብጫ ከሆነ ማግኒዥየም ነው። አዲሱ ቅጠል ትንሽና የተኮማተረ ሆኖ ከወጣ ማንጋኒዝ ይጠረጠራል። ነጠብጣብ ሳይኖር ጠርዙ ብቻ ቡናማ ከሆነ ግን ማዳበሪያ ሳይሆን ደረቅ አየር ወይም በአፈሩ የተጠራቀመ ጨው ነው። አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት አለ?

መልስ (ቅጠሌ)፦
መቀደዱ በሽታ አይደለም። ግራንዲስ የቫኑዋቱና የሰሎሞን ደሴቶች ተክል ነው፤ ከትላልቅ ዛፎች ሥር፣ ነፋስ በማይደርስበት ጥላ ያድጋል። እንዲህ ያለ ሰፊ ቅጠል ነፋስ ሲመታው ወይም ሰው ሲያልፍ ሲገፋው በእጥፋቱ በኩል ይቀደዳል። የተቀደደው ተመልሶ አይገጥምም፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

ስንጥቁ እስከ እጀታው የሚደርስ፣ በቅጠሉ ዙሪያ ሁሉ ያለና ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ የሚወጣ ከሆነ ግን ተክልዎ ግራንዲስ ሳይሆን ምናልባት ሊኩዋላ ስፒኖሳ ነው። የአብዛኞቹ ሊኩዋላዎች ቅጠል እንዲያ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል ወደ ጫፉ እየሰፋ ይሄድና ሳይሾል፣ እንደ ተቆረጠ ሆኖ ጥርስ ጥርስ ባለው ጠርዝ ያልቃል፣ በውስጡም ብዙ እጥፋት አለ። ዘመዱ ሊቪስቶና ጫፉ የሾለ፣ ባለ አንድ እጥፋት ክፍል ነው ያለው። ሁለቱን የምትለየው ይህች ምልክት ናት።

ጥያቄ (ሰናይት)፦
ነጠብጣብ የለውም፤ ነጭ ቅርፊት ግን አለ። ውሃ ወዳድ ነው ስለተባለ ከማሰሮው ሥር ባለው ሳህን ሁልጊዜ ውሃ አኖራለሁ።

መልስ (ችግኝ ጣቢያ)፦
እንግዲያው ምክንያቱ ተገኘ። ሳህኑን ይድፉት። በአውስትራሊያ፣ በኩዊንስላንድ የሚበቅለው ሊኩዋላ ራምሳዪ ረግረግ ውስጥ ይቆማል፤ የማሰሮ አፈር ግን በቆመ ውሃ ሲሞላ አየር ያጣል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። ከሳህኑ ወደ ላይ የሚሳበው ውሃ ደግሞ ሲተን ጨውን አፈሩ ላይ ጥሎት ይሄዳል።

ነጩን ቅርፊት በስሱ ያንሡና የማሰሮውን ሁለት እጥፍ የሚሆን የዝናብ ውሃ በዝግታ አፍስሰው ከሥር ሁሉም ይውጣ። ከዚያ በኋላ የላይኛው 2–3 ሴንቲ ሜትር አፈር ሲደርቅ ብቻ ያጠጡ። አፈሩ ዳግም እስኪደርቅ ድረስ ማዳበሪያ አይጨምሩ፤ ሲጀምሩም ቀስ ብሎ የሚሟሟ የዘንባባ ማዳበሪያ በጥቅሉ ላይ ከተጻፈው ግማሹን ያድርጉ።

መልስ (መስኖ)፦
ቅጠሉን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃ ቢረጩትስ?

መልስ (ቅጠሌ)፦
የተረጨው በደቂቃዎች ይተናል፤ ኖራ የበዛበት ውሃ ከሆነም ቅጠሉን ያዥጎረጉረዋል። ከሌሎች ተክሎች ጋር ማቀራረብ ወይም እርጥበት ሰጪ መሣሪያ ማብራት ይሻላል፤ የአየሩ እርጥበት ከ60 በመቶ ባይወርድ ጥሩ ነው። ቀጥተኛ ፀሐይም ከ15 ዲግሪ በታች ቅዝቃዜም አይስማማውም። አየሩ ሲደርቅ ቀይ ሸረሪት የሚባለው፣ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ከቅጠሉ ጀርባ በእጥፋቱ ውስጥ ይደበቃል፤ በእርጥብ ጨርቅ እጥፋት በእጥፋት ይጥረጉት።

መልስ (ዘር ጠባቂ)፦
ግራንዲስን ከፍሎ ማባዛት አይቻልም እህቴ። የሚያድግበት ጫፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱ ከተቆረጠ ተክሉ ይሞታል። ከሥር ቡቃያ የሚሰጠው እንደ ስፒኖሳ ያለው ነው።

ለዘሩ ሦስት ወር ገና ነው፤ እስከ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ሲቆይ ግን ዘሩ ደርቆ እንዳልነበር ያረጋግጡ፤ አንዱን ለሁለት ይክፈሉት። ውስጡ ነጭና ጠጣር ከሆነ ይጠብቁ፤ ቡናማ፣ ባዶ ወይም የሚሸት ከሆነ ሞቷል። በሚቀጥለው ትኩስ ፍሬ ፈልገው ሥጋውን ሙሉ ለሙሉ ያንሡ፣ ውሃውን በየቀኑ እየቀየሩ ሁለት ቀን ይዘፍዝፉ፣ የኮኮናት ቃጫና ሻካራ አሸዋ እኩል በተቀላቀለበት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ሙቀቱ ከ27 እስከ 30 ዲግሪ ይሁን፤ ከዚህ ከቀዘቀዘ ዘሩ ተኝቶ ይቆይና ሻጋታ ይቀድመዋል።

ዕቃው ጥልቅ ይሁን። ዘሩ መጀመሪያ አንድ ዘንግ ወደ ታች ይሰድዳል፤ ቅጠሉ የሚወጣው ከዘሩ ራቅ ብሎ ከዚያ ዘንግ ጫፍ ነው። በቀለ አልበቀለም ብሎ መቆፈር ይህን ዘንግ ይሰብራል፤ ብዙ ዘር የሚጠፋው በዚህ ነው። ሁለተኛው ቅጠል ሲወጣ፣ ከነአፈሩ ሥሩን ሳያራግፉ ያዛውሩት።